ጡረታ በወጡ በአራተኛው ወር ቤት አይሸጥም

ጥያቄ፦ ለተከበሩ የዓምዱ አዘጋጅ፣ ጤና ይስጥልኝ። የምጽፍልዎ ከቡሬ ነው። 35 ዓመት አስተምሬያለሁ። የመጨረሻዎቹን 9 ዓመታት ርዕሰ መምህር ነበርኩ። ባለፈው ሐምሌ 60 ዓመት ሞላኝና ጡረታ ወጣሁ። ሽኝቱ አማረ፤ ጋቢ አለበሱኝ፣ ተመራረቅን፣ አለቀስን። ክረምቱን እንደ እረፍት አሳለፍኩት። መስከረም ላይ የትምህርት ቤቱ ደወል ቤቴ ድረስ ሲሰማ ግን ነገሩ ገባኝ። አሁንም ጠዋት 12 ሰዓት ተነስቼ፣ ተላጭቼ፣ ኮቴን ለብሼ ሳሎን ቁጭ እላለሁ። የምሄድበት የለኝም። ስልኬም ዝም ብሏል።

ቤት መዋል ስጀምር ደግሞ ከባለቤቴ ጋር መጋጨት መጣ። ዘይቱ ቶሎ አለቀ፣ ከሰሉ በዛ እላለሁ። አንድ ቀን የበርበሬውንና የሽሮውን ዕቃ እኔ በመሰለኝ መንገድ ደረደርኩላት። «ሥራ የፈታ መነኩሴ ቆቡን ቀዶ ይሰፋል» ብላ ተረተችብኝ። ከፋኝ።

ትልቁ ጭንቀቴ ግን ልጆቼ ናቸው። ከቁጠባና ብድር ማኅበራችን ስወጣ 400 ሺህ ብር ቁጠባዬን ተቀብያለሁ። ወንዱ ልጄ ሥራ የለውም። «አባዬ፣ ባጃጅ ግዛልኝና አብረን እንብላ» ይለኛል። አዲስ አበባ ያለችው ልጄ ደግሞ «ቤቱን ሽጡና እኔ ጋ ኑ፤ በዚህ ጊዜ እዚያ ምን ትሠራላችሁ?» ትላለች። ብሩም ባንክ ተቀምጦ ዋጋው እየረገፈ ነው። ሁለቱንም እሺ ብዬ ልገላገል? በዚያ ላይ የጡረታ አበሌ ሲሰላ 2 ዓመት ጎድሏል። መጀመሪያ ወንበርማ ወረዳ ተመድቤ ያስተማርኩበት ጊዜ ነው። ለዚህስ መሮጥ ይጠቅማል?
ጡረተኛው መምህር

መልስ፦ መምህር፣ ጤና ይስጥልኝ። እርስዎ ከጠበቁት በላይ ቁርጥ ያለ መልስ ልስጥዎ። ቤቱን አይሽጡ። ባጃጁንም አሁን አይግዙ። እስከሚቀጥለው ሐምሌ ድረስ ሁለቱም ይቆዩ። የሁለቱ ዓመት ነገር ግን ነገ ጠዋት የሚያስነሳ ነው፤ እመለስበታለሁ።

ጡረተኞች የሚጸጸቱበት ውሳኔ አብዛኛውን ጊዜ በመጀመሪያው ዓመት የሚወሰን ነው። ያ ዓመት ደግሞ ሰው ክፉኛ የሚከፋበት ዓመት ነው። ትናንት «ጋሼ፣ ይፈርሙልኝ» ሲባል የዋለ ሰው ዛሬ የሚጠራው ያጣል። ከቀኑ 3 ሰዓት እስከ ምሳ ያለው ጊዜ አልገፋ ይለዋል። እንዲህ ባለው ሰው ደጅ የሚፈልገው ሰው ሲመጣ፣ ብሩን ፈልጎም ቢሆን፣ ደስ ይለዋል። እምቢ ማለት ያቅተዋል። «ዋስ ሁነኝ» ሲሉት ይፈርማል። «አበድረኝ» ሲሉት ያበድራል። «በሽርክና እንሥራ» ሲሉት ያወጣል። ልጆችዎ ክፉ ናቸው ማለቴ አይደለም። ሁለቱም የሚጠይቁዎት ከፍቅርም ከችግርም ነው። እኔ የምሰጋው እርስዎ የሚመልሱት ከባዶው ቀን ሽሽት እንዳይሆን ነው። ለዚህ ነው የገንዘቡንና የጠዋቱን ጭንቀት አንድ አድርጌ የማየው። ጠዋትዎ ሥራ ሲያገኝ ስለ ብሩ የሚያስቡት ሐሳብ ይለወጣል።

አስቀድመን ያለዎትን እንቁጠር። የመንግሥት ሠራተኛ ጡረታ የሚሰላው በመጨረሻዎቹ 3 ዓመታት አማካይ ደመወዝ ነው። ብዙ ሰው በመጨረሻው ወር ደመወዝ ይመስለውና አበሉን ሲያይ ይደነግጣል። ለመጀመሪያዎቹ 10 ዓመታት 30 በመቶ ይያዛል። ከ10 በላይ ላለው ለእያንዳንዱ ዓመት 1.25 በመቶ ይጨመራል። ጣሪያው 70 በመቶ ነው። ስለዚህ 35 ዓመት ያገለገለ ሰው 61.25 በመቶ ያገኛል። አማካይ ደመወዙ 10 ሺህ ብር ከነበረ አበሉ 6,125 ብር ነው።

ይህን ሲሰሙ ኑሮዎ በአንድ ጊዜ ተቆርጦ የወደቀ ይመስላል። ነገር ግን ደመወዝዎ ላይ የሥራ ግብር ነበረበት። 7 በመቶ የጡረታ መዋጮም ይቆረጥ ነበር። አበሉ ላይ ሁለቱም የሉም። የቁጠባ ማኅበሩም ተቆራጭ ቀርቷል። እንግዲህ ማወዳደር ያለብዎ ቀድሞ እጅዎ ይገባ የነበረውን አሁን ከሚገባው ጋር ነው። ከባለቤትዎ ጋር ሆናችሁ የአንድ ወር ወጪ በደብተር ጻፉ። የጤፉን፣ የመብራቱን፣ የእድሩን፣ የዝክሩን፣ የመድኃኒቱን ሁሉ። ያኔ በየወሩ የሚጎድለው ስንት እንደሆነ በቁጥር ይታያል። ያ 400 ሺህ ብር መጀመሪያ የሚያስፈልገው ለዚያ ጉድለትና ለሕመም ቀን ነው። በ40 ዓመትዎ ብር ቢጠፋብዎ ደመወዝ ይተካው ነበር። አሁን የሚተካው የለም።

«ዋጋው እየረገፈ ነው» ያሉት እውነት ነው። በተራ የቁጠባ ሂሳብ ዝቅተኛው ወለድ በዓመት 7 በመቶ ነው፤ የገበያው ዋጋ ደግሞ ከዚያ ፈጥኖ ይሮጣል። ቢሆንም በዓመት ትንሽ ትንሽ የሚረግፍ ብርና በአንድ ቀን ውሳኔ ድራሹ የሚጠፋ ብር እኩል አይደሉም። እኔ የምመክርዎ ይህ ነው፦ ለድንገተኛ ነገር የሚበቃዎትን ያህል በቁጠባ ሂሳብዎ ይተዉ፤ የቀረውን እስከ ሐምሌ በጊዜ ገደብ ተቀማጭ ያስገቡት። ወለዱ ከተራው ቁጠባ የተሻለ ነው፤ መጠኑንም ከባንኩ ጋር መደራደር ይቻላል። ሁለት ሦስት ባንክ ጠይቀው ያወዳድሩ። ሌላም ጥቅም አለው። ዘመድም ጎረቤትም ሲመጣ «ብሩ እስከ ሐምሌ ተቆልፏል» ይላሉ። ውሸት አይሆንብዎም፤ ፊትም አይጠቁርም። ይሉኝታ ለሚያጠቃው ሰው ከዚህ የተሻለ ጋሻ አላውቅም።

ወደ ባጃጁ ልምጣ። ለልጅዎ «እምቢ» አይበሉት። ሥራ ፍለጋ ሰልችቶት የአባቱን እጅ ለሚያይ ወጣት እምቢታ ብቻውን ይከብዳል። ይልቅ እንዲህ ይበሉት፦ «የሦስት እግር መንጃ ፈቃድ አውጣ፤ የማውጫውን እኔ እከፍላለሁ። ከዚያ ጥቂት ወራት የሰው ባጃጅ ይዘህ፣ ለባለቤቱ ገቢ እያስገባህ ሥራ። ማታ ማታ ሂሳቡን አብረን እንጽፋለን።» ነዳጅ ስንት ፈጀ? ጎማው መቼ ተቀየረ? ለባለቤቱ ገብቶ ለእርሱ ስንት ተረፈው? ስንት ቀን ቆሞ ዋለ? በእኛ አካባቢ ባለፉት ዓመታት መንገድ ሲዘጋና ነዳጅ ሲጠፋ ባጃጅ ምን ያህል ከቤት እንደሚውል አይተናል። ያስተማሩት ሂሳብ ይሁን ወይስ አማርኛ፣ አልነገሩኝም፤ እንዲህ ያለውን ደብተር ለማንበብ ግን ከእርስዎ የተሻለ ሰው አያገኝም። ልጅዎ ይህን ከጨረሰና ቁጥሩ ካዋጣ በሐምሌ እንደገና ይነጋገሩ። ያኔም ሙሉውን አያውጡ። ከቁጠባው ሩቡን ያህል ያዋጡ፤ ሌላውን ልጁ ከሠራውና ከተበደረው ይሙላ። የተሰጠው ብር ብድር ይሁን፣ ድርሻ ይሁን፣ ስጦታ ይሁን በወረቀት ይጻፍ። እህቱም ትወቀው። ወንድምና እህት በኋላ የሚካሰሱት አባት በደጉ ቀን ዝም ብሎ በሰጠው ነገር ነው። ቤቱን አስይዘው ዋስ እንዳይሆኑ ደግሞ አደራ እላለሁ። ለልጅም ቢሆን።

የሴት ልጅዎ ነገር ከዚህ ይለያል። ስጋቷ ከንቱ አይደለም። ሩቅ ሆኖ በየቀኑ ወሬ መስማት፣ አንዳንዴም ስልክ አልገባ ሲል ማደር ምን እንደሚመስል እሷ ታውቀዋለች። ግን መሄድና መሸጥ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ጸጥታው አስግቷችሁ መሄድ ካለባችሁ ሂዱ። ቤቱን ለሚታመን ሰው አከራዩት። ኪራዩ ዝቅ ቢልም ቤቱ የእናንተ ሆኖ ይቆያል። ቡሬ ላይ ሸጠው በዚያ ዋጋ አዲስ አበባ ቤት መግዛት ዘበት ነው። ከተሸጠ በኋላ ደግሞ እናንተ የልጅ ቤት እንግዳ ናችሁ፤ ልጅ የቱንም ያህል ብትወድ። አራተኛ ፎቅ ላይ ውኃ በፈረቃ እየመጣ፣ ባለቤትዎ ቡና የምትጠራው ጎረቤት ሳይኖራት፣ እርስዎ የሚጨዋወቱት ሰው አጥተው መዋል በአንድ ጊዜ የሚለመድ ኑሮ አይደለም። የ30 ዓመት እድራችሁም እዚያ አይከተላችሁም። መንገዱ ሰላም ከሆነ ከጥምቀት በኋላ ሄዳችሁ አንድ ሁለት ወር ኖራችሁ እዩት። ቤቱም የጋራ ንብረታችሁ ከሆነ ያለ ባለቤትዎ ስምምነት አይሸጥም። ደብዳቤዎን ሁለት ጊዜ አንብቤ እሷ ስለ መሸጡ ምን እንዳለች አላገኘሁም። እስካሁን ካልጠየቋት ዛሬ ማታ ይጠይቋት።

ስለ እርሷ ካነሳን፣ የተረተችብዎ ተረት ከባድ መሆኑ ይገባኛል። 9 ዓመት መምህራንን ሲመራ ለኖረ ሰው እንዲህ መባል ያማል። ግን በእርሷ ቦታ ሆነው ይዩት። እርስዎ ጠዋት ወጥተው ማታ ሲመለሱ፣ ያንን ወጥ ቤት ለ30 ዓመት ያለ ተቆጣጣሪ ያስተዳደረችው እሷ ናት። የበርበሬው ዕቃ ምድጃው አጠገብ የተቀመጠው እጇ ሳታይ ስለሚያገኘው ነው። አንድ ቀን ከኋላዋ መጥቶ ቦታውን የሚለውጥ፣ የዘይቱን ጠርሙስ አንስቶ ወደ መስኮቱ እያየ «ትናንት እዚህ ድረስ አልነበረም?» የሚል ሰው መጣባት። በእርስዎ ቢሮ የተማሪዎችን ፋይል እንዲህ የነካካ ሰው ቢኖር ዝም ይሉት ነበር? ሌላም ነገር አለ። እርስዎ ጡረታ ወጡ፤ እሷ አልወጣችም። እንጀራው ዛሬም ይጋገራል። ልብሱ ዛሬም ይታጠባል። አሁን ደግሞ ምሳ ቤት የሚበላ ሰው ተጨመረባት።

ስለዚህ መቆጣጠሩን ይተዉና ከቤቱ ሥራ አንዱን ሙሉ በሙሉ ይውሰዱ። «ላግዝሽ?» ማለት ብቻ አይበቃም፤ ያ እሷን አሰሪ አድርጎ ሌላ ሥራ ይጨምርባታል። ለምሳሌ የእህሉ ጉዳይ ከአሁን ወዲያ የእርስዎ ይሁን። ጤፉን መግዛት፣ ማስነፋት፣ ወፍጮ ቤት ወረፋ መያዝ፣ ዱቄቱን ማምጣት። ደመወዝተኛ እያሉ እህል የሚገዙት ብር በተገኘ ጊዜ ነበር። አሁን ጊዜ አለዎት። አዝመራው ገብቶ በታኅሣሥና በጥር ገበያው ሲሞላ፣ ከገበሬው ላይ በኩንታል መግዛት ይችላሉ። ክረምት ላይ በኪሎ ከሚገዛው ጋር ያለውን ልዩነት ያዩታል። ይህ ከዘይት ጠርሙስ ቁጥጥር የበለጠ ብር ያድናል፤ ቤት ውስጥም ያስከብራል። በርበሬውንም ወደ ነበረበት ይመልሱላት።

አሁን ወደ ጠዋቱ። ኮቱን መልበስ አያቁሙ። መላጨቱንም። ብዙ ጡረተኞች ነጠላ ጫማ አድርገው መዋል ሲጀምሩ ነው ሰውነታቸው የሚወድቀው። የጎደለው የሚሄዱበት ቦታ ብቻ ነው። ቦታው ደግሞ ሩቅ አይመስለኝም።

በእኛ ጎጃም የሚያስተምር ሰው በ60 ዓመቱ ወንበሩን የሚለቅበት ልማድ የመጣው ከዘመናዊው ትምህርት ጋር ነው። በደብረ ኤልያስም ሆነ በዲማ ጊዮርጊስ የቅኔ መምህር ጡረታ የሚባል ነገር አያውቅም። የኔታ አርጅተው፣ ዓይናቸው ደክሞ፣ በትር ይዘው የሚመራቸው ልጅ እያስፈለጋቸው እንኳ ቅኔ ይዘርፋሉ፤ የተማሪውን ስህተት በጆሯቸው ይዘው ያርማሉ። እንዲያውም ሲያረጁ ነው ተማሪው ከሩቅ አገር ስማቸውን ሰምቶ የሚመጣው። እርስዎም ማስተማርዎን መንግሥት አልወሰደብዎም። የወሰደው ቢሮውን፣ ማኅተሙንና የቀን መቁጠሪያውን ነው።

በሰፈርዎ ደግሞ የሚያስተምሩት ልጅ አለ። በክልላችን ባለፉት ዓመታት ብዙ ልጆች ከትምህርት ገበታ ተለይተዋል። ዕድሜው ሰባተኛ ክፍል የደረሰ፣ ማንበቡ ግን ሦስተኛ ክፍል ላይ የቆመ ልጅ በየሰፈሩ አለ። ክፍል ውስጥ ሲገባ ያፍራል፤ ከኋላ ተቀምጦ ዝም ይላል፤ ከዚያ ይቀራል። እንዲህ ያለውን ልጅ 60 ተማሪ ያለበት ክፍል አያነሳውም። በረንዳ ላይ ሦስት አራት ልጆች ይዞ፣ ጣቱን በመስመሩ ላይ እያስኬደ ጮክ ብሎ የሚያስነብብ ሽማግሌ መምህር ግን ያነሳዋል። ይህን እርስዎ ከእኔ በላይ ያውቁታል። ስንት ጊዜ «ጊዜ ቢኖረኝ ይህን ልጅ ለብቻው እይዘው ነበር» ብለዋል? ጊዜው መጥቷል።

ሲጀምሩ ትንሽ አድርገው ይጀምሩ። በሳምንት ሁለት ቀን፣ ከሰዓት በኋላ፣ ከጎረቤት ልጆች ጋር። ወላጆቻቸውን አነጋግረው፣ በራስዎ ግቢ ደጁን ክፍት አድርገው። የሚችል ወላጅ ትንሽ ቢከፍል ነውር የለበትም፤ የማይችለውም ልጅ አብሮ ይቀመጥ። ትምህርት ቤት ሄደው አዲሱን ርዕሰ መምህር ሳይጠይቅዎ አይምከሩት። እሱ ራሱ መጥቶ ሲጠይቅዎ ያካፍሉት፤ መምጣቱም አይቀርም። ቀሪዎቹን ቀናት ደግሞ የጓሮው ጎመን፣ ቤተ ክርስቲያኑ፣ የእህሉ ገበያ ይሞሏቸዋል። ማስታወሻ ደብተር ላይ የሳምንቱን መርሐ ግብር እንደ ድሮው በክፍለ ጊዜ ከፋፍለው ይጻፉት። 35 ዓመት በደወል የኖረ ሰው ያለ ደወል በአንድ ጊዜ መኖር አይችልም።

ጤናዎን በተመለከተ ጥቂት ልበል። ወደ ትምህርት ቤት የሚያደርጉት የጠዋትና የማታ መንገድ ሳይታወቅዎት ልብዎን ሲጠብቅ ኖሯል። እሱ ቀርቷልና ጠዋት ጠዋት ያንኑ ያህል ይራመዱ። የደም ግፊትና የስኳር ምርመራ ያድርጉ፤ ሁለቱም ምልክት ሳያሳዩ ይቆያሉ። ጓደኛ ናፍቆት ሰውን አረቄ ቤት ያስቀምጠዋል፤ መጀመሪያ ለጨዋታው ይገባል፣ ቆይቶ ግን ከ4 ሰዓት ጠዋት ጀምሮ መቀመጥ ይመጣል። እዚያ መንገድ ላይ የቀሩ ጥሩ ጥሩ መምህራን አሉን። ጨዋታውን ሌላ ቦታ ያግኙት።

አሁን ወደ ሁለቱ ዓመት። አዎ፣ መሮጥ ይጠቅማል፤ ከሁሉም በፊት መሠራት ያለበት እሱ ነው። 33 ዓመት ሲቆጠር 58.75 በመቶ ነው፤ 35 ሲቆጠር 61.25 በመቶ። ልዩነቱ 2.5 በመቶ ነው። አማካይ ደመወዝዎ 10 ሺህ ብር ቢሆን በወር 250 ብር፣ በዓመት 3 ሺህ ብር ማለት ነው። ይህ በሕይወት እስካሉ ድረስ በየወሩ የሚጎድል ነው። እርስዎ ቀድመው ቢሞቱ ለባለቤትዎ የሚተላለፈውም የሚሰላው ከዚሁ አበል ነው።

የወንበርማውን የቅጥር ደብዳቤና የዝውውር ደብዳቤ ከቤት ፈልጉ። ብዙ ጊዜ የሚገኘው ከድሮ ሰርተፍኬቶች ጋር በፕላስቲክ ተጠቅልሎ ሳጥን ውስጥ ነው። ከጠፋ ወደ ወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤትና ገንዘብ ጽሕፈት ቤት ይሂዱ። በእነዚያ ሁለት ዓመታት ደመወዝ የተከፈለዎትና የጡረታ መዋጮ የተቆረጠብዎ መሆኑን የሚያሳየው የደመወዝ መክፈያ ዝርዝር እዚያ ይፈለጋል። መዝገብ ቤቱ ውስጥ አቧራ ለብሶ ሊሆን ስለሚችል በአንድ ቀን ካላገኙት ተስፋ አይቁረጡ። የድሮ የሥራ ባልደረባ እዚያው ካለ ይደውሉለት። ማስረጃው ሲገኝ ኮፒውን አያይዘው የጡረታ አበልዎን ለወሰነው የማኅበራዊ ዋስትና ቅርንጫፍ በጽሑፍ ያመልክቱ። ማመልከቻውን በሁለት ኮፒ ይዘው ይሂዱ፤ አንዱ ላይ የተቀበሉበትን ቀን አስጽፈውና ማኅተም አስመትተው እጅዎ ላይ ያስቀሩ። መልሱ ካላረካዎ ጉዳዩን የሚያይ የማኅበራዊ ዋስትና ይግባኝ ሰሚ ጉባኤ አለ። የይግባኝ ጊዜ የተወሰነ ስለሆነ ውሳኔው በደረሰዎት ቀን ቀነ ገደቡን ይጠይቁ። የባለቤትዎ ጋብቻ ማስረጃ ከፋይልዎ ጋር መያያዙንም በዚያው ያረጋግጡ፤ በኋላ እሷ ብቻዋን ከምትንከራተት እርስዎ ዛሬ ይጨርሱላት። ዋናውን ወረቀት ግን ለማንም አይስጡ፤ ኮፒ ብቻ።